ሰፊና ሳትመርቅ አትሄድም

አሰላሙ አለይኩም! አከም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ ጀመዓ? ከኋላ ያላችሁት ይሰማል? ቴክኒሻናችን አብዱልፈታህ ጭንቅላቱን ነቅንቋል፤ ስለዚህ ይሰማል ማለት ነው። እሱ ጭንቅላቱን ሳይነቀንቅ እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም፤ የሬዲዮ ሰው አመሉ ነው።

ሙስዐብ እባላለሁ። «ሰፊና» የሚባለውን ድራማ የምጽፈው እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ በስም አታውቁኝም፤ ታሪኩ አንጀት ያቃጠለ ቀን ግን «ያ ጸሐፊ ተብዬ» እየተባልኩ ከሚሴ ገበያ መሐል ስሰደብ ሰምታችኋል። አልቀየምም። ዛሬ በዚህ የጡረታ ሽኝት ላይ የቆምኩት ስለ ራሴ ላወራ አይደለም፤ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ሊቀባጥር ነው» እያሉ በዓይናቸው ስለሚገሥጹኝ ሴት ነው።

እኚህ እናታችን አዴ ዘይቱና ሬዲዮ ጣቢያችን የመጡ ዕለት እኔ ነበርኩ የተቀበልኳቸው። ከሌላ መሥሪያ ቤት የቢሮ ጸሐፊ ሆነው ተዛውረው ነው የመጡት። ግቢውን ላስጎበኝ ብዬ መጀመሪያ ያስገባኋቸው ስቱዲዮ ነው። ያኔ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳውን በሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ ቸንክረንበት ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩት። ዞረው ደግመው አዩት። ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እናንተ እዚህ ቤት ቁማችሁ ነው እንዴ የምትተኙት?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም፣ ድምፅ እንዳይረብሽ ብለን ነው» ብላቸው፣ «እሱማ የተኛ ሰው ምን ይረብሻል!» ብለው ወጡ። እናንተ ሳቁ፣ ሳቁ። እሳቸው ግን ያን ቀን ከልባቸው አዝነውልን ነበር። በሁለተኛው ቀን አንሶላ ይዘው ባይመጡ ነው የገረመኝ።

ከውጭ የመጣ እንግዳ ካለ እንዳይቸገር ስለ ድራማው ትንሽ ልበል። ታሪኩ ገና ወደፊት፣ እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላ የሚሆን ነው። ወንዙ የነጠፈበት የአንድ ሸለቆ ሕዝብ የጠፈር መርከብ ተሳፍሮ ሌላ ፕላኔት ፍለጋ ይሄዳል። የመርከቧ ስም ሰፊና ነው። ሰፊና ትናገራለች። አየር ትሰጣለች፣ በር ትከፍታለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። የተጣላ ማስታረቁን እኔ አልጻፍኩትም፤ ማን እንደጨመረው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ለዚች መርከብ ድምፅ ስንፈልግ ብዙ ልጆች ፈተንን። አንዷ ገብታ ስታነብ አዴ ዘይቱና አንድ ነገር ሊያስፈርሙ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። ልጅቷ ስትጨርስ፣ «ይቺን ልጅ ምን ነክቷት ነው አፏ እንዲህ የደረቀው?» አሉ።

እኔም በኩራት፣ «አዴ፣ መርከብ ሆና ነው እኮ የምትናገረው። ማሽን ናት። ስሜት የላትም» አልኩ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?» አሉ። «ይሄን ሁሉ ሰው በሆዷ ይዛ እየሄደች እንዴት ነው ስሜት የሌላት?»

ኃላፊያችን አቶ ጀይሉ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሰምቷል። «በሉ እስቲ እርስዎ ያንብቡት» አላቸው። «ለኪ ለኪ! አይሆንም፣ እኔ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ!» አሉ። በግድ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉና ወረቀቱ ላይ «ተሳፋሪዎች ሆይ» የሚለውን ትተው፣ «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ» ብለው ጀመሩ። በቃ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አልተፈተነም።

እኔ ግን ፈተናዬ የጀመረው ያን ቀን ነው።

መርከቧ የምትነሳበትን ክፍል ስንቀርጽ «አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት» ብዬ ጽፌያለሁ፤ መቼም ሮኬት ሲነሳ እንደዚያ ነው የሚባለው። ስምንት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ለምን ወደ ታች ይቆጥራል?» አሉኝ። «በል ይሄን ቁጥርህን ሰርዘው፤ እኛ ቢስሚላህ ብለን ነው የምንነሳው።» ሰረዝኩት። ተነሳን። በዚያው ሳምንት አንድ የጨፋ ሮቢት ሽማግሌ ደውለው፣ «አሁን ነው ይች መርከብ ደህና ትደርሳለች ብዬ ያመንኩት» አሉ።

ከብቶቹስ? በመጀመሪያው ጽሑፌ መርከቧ ውስጥ አንድም ከብት አልነበረም። አዴ ዘይቱና አነበቡት፣ ገለበጡት፣ «ያ ሙስዐብ፣ የጨፋ ሰው ከብቱን የት ጥሎ ነው የሄደው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳይንስ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ክብደት፣ አየር፣ መኖ። ጨርሰው አዳመጡኝና፣ «እሱን አንተ አስብበት፤ ከብቶቹ ግን ይገባሉ» አሉ። እኔም ጠፈር ላይ በረት ሠራሁ! በዓለም ላይ በረት ያለው የጠፈር መርከብ ካለ የኛ ብቻ ነው። ሕዝቡስ ምን አለ? በድራማው ያለውን ጦርነት ረሳው፣ የጠፈር ወንበዴዎቹን ረሳቸው፤ ስልክ በተከፈተ ቁጥር «ያቺ ጊደር ወለደች ወይ?» ሆነ ጥያቄው።

የስልኩን ነገር ላልናገር ነበር፤ ግን የአብዱልፈታህ ሚስት ሳሚያ እዚያ ጥግ ተቀምጣ እየሳቀች ስለሆነ ልናገር። አዴ ዘይቱና ቀረጻ ሳይጀመር የሁላችንንም ስልክ ሰብስበው ዘንቢላቸው ውስጥ ይከታሉ። ታዲያ አንድ ቀን ቀረጻው ሲያልቅ ዘንቢሉን አንጠልጥለው፣ ባጃጅ ይዘው ቤታቸው ገቡ። እኛ እዚህ ያለ ስልክ እንተራመሳለን። ሳሚያ ከቤቷ ሆና ለባሏ ትደውላለች። የሴት ድምፅ ያነሳል።

«ሄሎ፣ ይሄ የባለቤቴ ስልክ ነው። አንቺ ማነሽ?»

አዴ ዘይቱናም በዚያ በረጋ ድምፃቸው፣ «ልጄ አትደንግጪ፣ እኔ መርከቧ ነኝ።»

አብዱልፈታህ ያን ምሽት ቤቱ ምን እንደገጠመው እሱ ይንገራችሁ። እኔ አልነበርኩም።

አሁን ሳቁን ትንሽ ላቁመው።

ያን ክፉ ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። መንገዱ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጣቢያችን ድምፁ የተቋረጠበትን ወራት። ድራማው መሐል ላይ ነበር የቆመው፤ መርከቧ ነዳጅ ጨርሳ ጨለማ ውስጥ ተንሳፍፋ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው አዴ ዘይቱናን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ስለ ዱቄት አይጠይቅም፣ ስለ ዘይት አይጠይቅም። «አዴ፣ እነዚያ ሰዎች ምን ሆኑ?» ነው የሚለው። እሳቸውም አያልፉትም። ከግንብ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ያወሩለታል። ከየት አምጥተው? ከራሳቸው! እኔ ገና አልጻፍኩትም እኮ! «ሰፊና በርትታለች፤ ልጆቹን እየተረከችላቸው ታስተኛለች፤ ነዳጁ ይገኛል» ይሏቸው ነበር። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይሰበሰቡ ነበር፤ ዓይኔ አይቷል። ያ ሁሉ ሰው ስለ ሰፊና እየጠየቀ ስለ ራሱ ነበር የሚጠይቀው። እሳቸው ገብቷቸዋል። እኔ ጸሐፊው ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ጣቢያው ተመልሶ ሲከፈት እኔ ቁጭ ብዬ አዲስ ክፍል ልጽፍ አልቻልኩም። የከተማው ሰው ቀጣዩን ታሪክ ከእሳቸው አፍ ሰምቶ ጨርሶታል። ምን አደረግሁ? ወረቀት ይዤ ቤታቸው ሄድኩና፣ «አዴ፣ ምን ምን ብለው ነው የነገሯቸው? እሱኑ ልጻፈው» አልኳቸው።

ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አዴ ዘይቱና። ከልቤ ነው። ድራማ መጻፍ የተማርኩት ሌላ ቦታ ነው፤ ለማን እንደምጽፍ ያወቅሁት ግን ከእርስዎ ነው። ሬዲዮው ዝም ባለ ጊዜ እርስዎ ዝም ስላላሉ ይህ ከተማ ውለታዎ አለበት።

እሺ። አሁን የቆምኩበትን ትክክለኛ ምክንያት ልናገር፤ አዴ አይቆጡኝ።

ነገ ከጁምዓ በኋላ የ«ሰፊና» የመጨረሻ ክፍል ይተላለፋል። ሕዝቡ አዲሱ ፕላኔት ደርሷል፣ ወርዷል፣ ከብቱም ወርዷል። ጊደሯም ወልዳለች፣ አትጨነቁ። መርከቧ ግን መሬት መንካት አትችልም፤ ላይ ትቀራለች። የመጨረሻዋ ደቂቃ የሰፊና ስንብት ናት። እኔ የጻፍኩት፣ «ተልዕኮዬ ተፈጽሟል። መገናኛው ይቋረጣል» የሚል ነበር። አዴ ዘይቱና አነበቡት። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ሰው ልጆቹን አድርሶ ሳይመርቅ ይሄዳል?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ ምን ልበል። «ይመርቁ» አልኳቸው። ገቡ፣ ጀመሩ። «ኢጆሌ ኮ፣ የረገጣችሁት መሬት ይቀበላችሁ» ሲሉ፣ «አሚን!» የሚል ጎርናና ድምፅ መጣ። አብዱልፈታህ! ቴክኒሻኑ! ቀረጻው ተበላሸ። እንደገና። «ከብታችሁ ይርባ» ሲሉ የመርከቧ አለቃ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ «አሚን!» አለ። እንደገና። «ውሃችሁ አይንጠፍ» ሲሉ ከመስታወቱ ወዲያ እጁን ዘርግቶ «አሚን!» ያለው አቶ ጀይሉ ራሱ ነው፤ ዝም በሉ እያለ ሲቆጣን የነበረው! ዕድሜያችንን ስቱዲዮ ውስጥ የፈጀን ሰዎች አፋችንን መያዝ አቃተን። ግን ፍረዱ፤ በእኛ አገር ትልቅ ሰው እየመረቀ ዝም የሚል ማነው?

ታሪኩ ደግሞ መገናኛው ተቋርጧል ይላል፤ ከታች ማንም ሊመልስላት አይችልም። አቶ ጀይሉ ሁላችንንም አስወጣን። አዴ ዘይቱና ብቻቸውን ቀሩ። በሩ ተዘጋ፣ ቀይ መብራቱ በራ። ጠበቅን። ምንም የለም። ከንፈራቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ቆይተው ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁና ወጡ። «አሚን የሚል በሌለበት ምኑ ተመረቀ?» አሉ። ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መላ ተመታ። አንዳንዱ «በሙዚቃ እንዝጋው» አለ። አንዳንዱ፣ «አሁን እኮ ኮምፒውተር የፈለግነውን ሰው ድምፅ አስመስሎ ይናገራል፤ የድሮ ቅጂያቸውን እንስጠውና ይመርቅልን» አለ። ይህን ነገር ሰው ነገራቸው። «መናገሩን ይናገር» አሉ፤ «ለመመረቅ ግን ማንን አሳድጎ ነው?»

ያን ቀን በር ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ የነገሩኝን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ እናገራለሁ፤ አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ። «ሙስዐብ፣» አሉኝ፣ «ነገሩ የአሚን ብቻ አይደለም። ያቺን የመጨረሻ ቃል ከተናገርኩ አለቀ እኮ። ጡረታዬም የዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ማንን ነው የማናግረው?»

ሳልመልስላቸው ባጃጁ መጣ፣ ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ትናንት ግን ቁጭ ብዬ የመጨረሻዋን ገጽ ቀደድኳት። መገናኛው አልተቋረጠም፤ እንዲቋረጥ የፈረድኩት እኔ ነኝ እንጂ ማንም አላስገደደኝ። በአዲሱ ጽሑፍ ከታች ያሉት ሰዎች ይሰማሉ፤ ይመልሳሉ። አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ፤ የኛ ተዋንያን ቢደማመሩ አንድ ታክሲ አይሞሉም። የአንድ ሸለቆ ሕዝብ ከየት ላምጣ?

ከዚያ የዚህን ድግስ ጥሪ አየሁት። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከጨፋ ሮቢት ድረስ የመጣው አድማጭ። አዳራሹ ሙሉ።

ጠረጴዛዎ ላይ ከአበባው ጎን ያለው ማይክ ለእኔ ንግግር አይደለም አዴ። አብዱልፈታህ የነገውን ምርቃት ሊቀርጽበት ለእርስዎ ነው የተከለው፤ አዳራሹ ውስጥም የሰዉን «አሚን» የሚቀርጹ ሌሎች ማይኮች አሉ። የማይሆን ከመሰለዎት «ለኪ» ይበሉኝ፤ በሙዚቃ እንዘጋዋለን፤ ማንም አይቀየምም። ነገር ግን ማንን ላናግር ላሉት ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። ዞር ብለው ይዩን። ይህ ሁሉ ሰው ነገም ከነገ ወዲያም በርዎን ያንኳኳል።

ጀመዓ፣ መጀመሪያ ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። ማንጎ የያዘ ማንጎውን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን፣ ሻይ የያዘም ሻዩን። ለአዴ ዘይቱና! አላህ ጤና ከዕድሜ ጋር ይስጥልን። ልጃቸው ጀነት «ደሴ ልውሰዳቸው፣ ከእንግዲህ የኔ ናቸው» እያለች ነው፤ ትውሰዳቸው፣ ግን ትመልሳቸው! የጡረታ ጊዜያቸው እንግዳ የማይጠፋበት፣ ጉልበታቸው የማይደክምበት፣ እንቅልፋቸው የሰላም ይሁን። ጠጡ!

አሁን ብርጭቆውን ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ፤ ይንኳኳል። ልጆቻችሁን ያዙ። አብዱልፈታህ? ነቀነቀ።

አዴ ዘይቱና፣ ሁላችንም ወርደናል። መሬቱን ረግጠን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ወደ ላይ ወደ እርስዎ እያየን ነው። ይመርቁን።