የድንኳን ፈቃድ

ካዛንቺስ ነው፤ እስኪሞላ በቆመ የስታዲየም ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ይጠይቁታል።

«ልጄ፣ ወረዳ ነው የምትሠራው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«መንገድ ላይ የለቅሶ ድንኳን ለመትከል የምትፈቅዱት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን። ቤተሰብ መጥቶ ያመለክታል፣ በቃ። ቦታው የት ነው?»

«ያውልህ፣ አበባው የተተከለበት ጋ።»

«እዚያ እኮ አሁን ሰፈር የለም፣ ፈርሷል።»

«አውቃለሁ፣ ቤቴ ነበር።»

«አሁን የሚኖሩበት ቢተከል አይሻልም?»

«ኮንዶሚኒየሙ ሩቅ ነው፣ የሚያውቀኝም የለ። ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። እዚህ ከሆነ ግን ሁሉም ያውቁታል።»

«ማለቴ፣ አበባው ላይ አይቻልም። እግረኛ መንገዱን ምናልባት ለሦስት ቀን እንፈቅዳለን። የሟችን መታወቂያ ይዘው ይምጡ።»

«ይዣለሁ፣ እንካ።»

«እንዴ፣ እማማ፣ ይሄ የራስዎ ነው።»

«አዎ። ቤተሰብ ያመለክታል አልክ፣ እኔ ደግሞ ማንም የለኝ። እግሬ ሳይከዳኝ ልጨርሰው ብዬ ነው።»



እኔ በመስኮት አዲሱን የእግረኛ መንገድ እያየሁ፣ ለድንኳን ይበቃ እንደሆነ በዓይኔ መለካት ጀመርኩ።