በር ላይ የቆሙት

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ከዛሪማ የመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ያወጋሉ።

«ልጄ እዚህ ሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት።»

«ሸጋ ነው! እብድ ታክማለች?»

«ምነው? ሙሽራም ታክማለች። የወንድሜ ልጅ አግብቶ ከሙሽሪት ጋር መተኛት አቃተው።»

«መተት ነዋ፣ አያ! ወንድነቱን አስረውበት ነው።»

«እኔም ደብተራ ፍለጋ ልወጣ ስል ደወልሁላት። ‹አባባ፣ ሙሽሮቹ ጫጉላ ሲገቡ በር ላይ ማን ነበር?› አለችኝ።»

«ማን ይሆናል? ሚዜው ነዋ።»

«ስምንት ሚዜ! እኔም ነበርሁ፤ ‹ምነው ዘገየህ?› እያልሁ የምጣራው።»

«እና ምን አለች?»

«‹አባባ፣ ዘጠኝ ሰው ጆሮውን ቀስሮበት ማን የማይፈራ አለ? ያሰሩትስ እርስዎ ነዎት› አለች። ዘመዴ ነው ብላ ባልደረባዋ ዘንድ ላከችው፤ ከሙሽሪት ጋር እየተመላለሱ ታከሙ።»

«ተፈታ?»

«ባለፈው እሁድ ክርስትና በላን!»

«እንዲህ ያለች ልጅ ይስጥ!»

«አሁንማ በአገራችን ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ከበር ላይ ሚዜ የማባርረው እኔው ነኝ።»

ሁለት ቀን አፍሬ ሳልወርድ ያለፍሁት ሆስፒታል በር ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አልሁ።