ቀዩ መጋረጃችን

በእኛ ጊዜ ልጆች፣ ዶርም የሚገባ ሰው የሚያብለጨልጭ መብራትና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አበባ ይዞ አይሄድም። ሜሮንዬ፣ አንቺን ነው የምልሽ፤ ገና ሳትገቢ «እማማ፣ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር እየኖርኩ እንዴት ነው ቤቴ የሚመስለኝ» እያልሽ ስታለቃቅሺ ሰምቼሻለሁ። ቁጭ በይና ስሚኝማ።

እኔ እዚሁ ናዝሬት ዘጠኝ ሆነን በአንድ ክፍል ነው ያደግሁት። እና የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ የሽቦ አልጋ ሲሰጡኝ፣ የራሴን፣ የብቻዬን እኮ ነው የምልሽ፣ ቁጭ ብዬ ዳሰስኩት። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነን። አንደኛዋ ዘይነባ ናት፣ የአርሲ ልጅ፣ ሳቂታ። ሌላዋ አልማዝ ናት። አልማዝ ደግሞ የሴቶቹ ዶርም ካድሬ! ዕድሌን አየሽልኝ? ሌላው ሰው ካድሬን ስብሰባ ላይ ነው የሚያየው፣ እኔ ከካድሬ ጋር ተኝቼ ከካድሬ ጋር እነሳለሁ።

ታዲያ እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። ያን ጊዜ ጴንጤ ማለት እንደ ዛሬው በማይክ የሚዘምር አይደለም፣ የኢምፔሪያሊስት ሰላይ ነበር የሚሉን። ስትጸልይ የተገኘች ልጅ ዕድለኛ ከሆነች ተባርራ ቤቷ ትገባለች፣ ካልሆነች እስር ቤት። እና እኔ ሳልጸልይ መዋል አልችልም፣ ምን ላድርግ? እናቴ የሰጠችኝን ባለ አበባ አንሶላ በገመድ አድርጌ አልጋዬን ጋረድኩት። አቤት ደስ ሲል! ቤቴ! በቃ ቤቴ!

ምን ያደርጋል፣ አላደረም። አልማዝ ገባች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ጓድ! ይሄ ምንድነው?»

«መጋረጃ ነው።»

«ከማን ነው የምትጋረጂው? ከሰፊው ሕዝብ?»

ሰፊው ሕዝብ እንግዲህ እሷና ዘይነባ ናቸው! በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ፣ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። አልማዝ ጣቷን እየቀሰረች፣ «መጋረጃ የንዑስ ከበርቴ አመለካከት ነው! ዛሬ አልጋዋን የጋረደች ነገ መሬት ታጥራለች!» ትላለች። ኧረ የቱን መሬት እቴ! ተነሥቼ «በመጋረጃዬ አፍሬያለሁ» አልኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ አንሶላዬ ወረደ። የእሷ ሻንጣ ግን ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም አንገቷ ላይ። እሱን ማንም ሂስ አላደረገውም።

ታዲያ እኔ ጽሕፈቴ ያምር ነበር፣ እና ለአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር ጻፊ ተባልኩ። በዓሉ አለፈ፣ አንዱ ጨርቅ ተረፈ፤ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» ይላል። እንኳን ተፈጥሮን የናዝሬትን ሙቀት የተቆጣጠረው የለም፣ ብቻ ወሰድኩና አንሶላው በነበረበት ገመድ ላይ ሰቀልኩት። አልማዝ ገባች። አፏን ከፈተች፣ አነበበች፣ እንደገና አነበበች። እጇ ወደ ጨርቁ ሄደና ተመለሰ። ምን ትበል? መፈክር ያወረደ ምን እንደሚደረግ ራሷ ናታ የምታስተምረን! «ጥሩ... ጥሩ ንቃት ነው» አለች።

ወዲያው ዘይነባ ጠጋ ብላ፣ «አቦ፣ ለእኔም ጻፊልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። ያቺ ምስኪን እስከዚያ ድረስ የምትሰግደው ጫማ የምታስር መስላ ነበር። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ብዬ ጻፍኩላት። እና ኢምፔሪያሊዝም ከፊት ይወድማል፣ ዘይነባ ከኋላ ትሰግዳለች።

ብዙም ሳይቆይ አልማዝ ራሷ መጣች። «ጓድ፣ እኔ ካድሬዋ ከእናንተ ማነስ አለብኝ እንዴ?» አለች። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» የሚለውን ጻፍኩላት። «ግንባር» የሚለውን ቃል በጣቷ ዳሰሰችው። እኔ ምኑ ገብቶኝ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም በየመፈክራችን ውስጥ ነን። በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ። ከአዲስ አበባ የመጣ ኃላፊ፣ ከኋላው የትምህርት ቤቱ ሹማምንት።

«ምንድነው የሚያጉረመርመው?» አለ።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ታዲያ አልማዝ ከመጋረጃዋ ዘላ ወጣች፣ «ጓድ! መፈክር በቃላችን እያጠናን ነው!»

«ተጋርዳችሁ?»

«ሐሳብ እንዳይበተን ነው ጓድ!»

«መልካም! ቀጥሉ እስቲ፣ ልስማ» ብሎ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ።

ቀጠልና! ምን እናድርግ? አልማዝ ተመልሳ ገባች። እኔ «ጌታ ሆይ፣ ሸፍነን» እላለሁ፣ ዘይነባ «ያ ረቢ» ትላለች። እና የአልማዝ አልጋ ከእኔ ክንድ አይርቅም፣ ጆሮዬን ብጥል፣ «የቁልቢው ገብርኤል፣ አንድ ወንድሜን ከግንባር መልስልኝ፣ አደራህን...» ካድሬዋ እኮ ናት የምልሽ! ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ፣ «ወጣት ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ወጣ። አርአያ ክፍል ተባልን።

ከዚያ ከየመጋረጃችን ወጣን፣ ተያየን። አልማዝ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወንድሟን አፍሰው ከወሰዱት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ያንን የተቆለፈ ሻንጣዋን ከፍታ አሳየችን፣ የመልአኩ ሥዕል፣ ከሥሩ የወንድሟ ፎቶ። ዘይነባ እቅፍ አደረገቻት፤ «አይዞሽ፣ እኔም ዱዓ አደርግለታለሁ።» እኔም እጸልይለታለሁ አልኩ። ያ ክፍል ቤቴ የሆነው ያን ቀን ነው ሜሮንዬ፣ በጨርቁ አይደለም።

ትንሽ ቆይቼ፣ «አልማዝ፣ ለገብርኤል ምን ተሳልሽ?» አልኳት።

አቀረቀረች። «መጋረጃ» አለች።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን! ለቅሶው ሳይደርቅ እሷም ሳቀች።

«ወንድሟስ ተመለሰ እማማ?»

ተመለሰ እንጂ! እያነከሰ፣ ግን ተመለሰ። እና ዘይነባ ከአጎቷ ሱቅ ጨርቅ አመጣች፣ እኔ ጴንጤዋ ሰፋሁ፣ አልማዝ ይዛ ቁልቢ ሄደች።

«ቀይ ነበር?»

ወግጂ! ቀይስ በቅቶን ነበር!