በጋሻ አምባ ግንብ ሥር የኖሩት ወይዘሮ አማከለች ይርጋ

ወዳጅ ዘመዶች፣ የእህቴን የወይዘሮ አማከለች ይርጋን ሕይወት በአጭሩ እንዳሰማችሁ ቤተሰቡ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን አብርሃምን አዞኛል።

ወይዘሮ አማከለች ከአባታቸው ከአቶ ይርጋ ደምሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ አያሌው በ1955 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ በላይ በምትገኘው ጋሻ አምባ ተወለዱ። ከቤታችን ራስጌ የቆመው፣ በወፍራም ቅጥርና በመጠበቂያ ማማ የተከበበው የጥንት ባላባት መኖሪያ ጣሪያው ከወደቀ ዘመናት ቢያልፉም፣ አባታችን በየክረምቱ ከድንጋዩ መሐል የሚበቅለውን ዛፍ እየነቀሉ፣ “ይህ ግንብ ከላያችን ነው፤ ካልጠበቅነው አይምረንም” ይሉ ነበር።

እህታችን በመርሳና በወልድያ ተምረው፣ በታሪክ መምህርነት ሠልጥነው እስከ ጡረታቸው መርሳ ላይ ሲያስተምሩ ኖሩ። በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩትን አቶ ፈቃዱ መኮንንን በ1981 ዓ.ም. አግብተው አማረንና ሐመልማልን ወለዱ። በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ወደ ግንቡ እየወሰዱ፣ ሽማግሌዎች ያወረሷቸውን ታሪክ፣ ይኸውም ቅጥሩን የውጭ ጠላት እንዳልደፈረውና የውስጥ ሰው በሩን ከፍቶ እንዳስቃጠለው ይነግሯቸው ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ማማው ተሰነጠቀ። ወዲያው ከሥሩ ወርቅ ተቀብሯል የሚል ወሬ ተነሥቶ ሰዎች መቆፈር ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ አማከለች ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ ከጎረቤታችን ከሼህ ኡበይደላ ጋር ጉድጓዱን መልሰው ይደፍኑ ነበር። ውሻቸው በራፋቸው ላይ ሞቶ ተገኘ፤ “አርፈሽ ተቀመጪ” የሚል ድምፅም ከአጥር ውጭ ተሰማ። አቶ ፈቃዱ ወደ መርሳ እንውረድ ብለው ቢለምኗቸው፣ “እኔ ብወርድ እነዚህን ሰዎች ማን ያስጠነቅቃቸዋል?” ብለው እንቢ አሉ።

ባለፈው ሐሙስ፣ የነሐሴ ዝናብ ጋብ ሲል፣ ከስንጥቁ ጠጠር መርገፍ እንደጀመረ አይተው ወደ ግንቡ ወጡ። ሼህ ኡበይደላ ከኋላቸው ደርሰው እንደሰሙት፣ “ልጆቼ ውጡ፣ ግንቡ እየለቀቀ ነው” እያሉ ቆፋሪዎቹን ጠሩ። ሌሎቹ ሮጠው ሲወጡ አንዱን ጭቃው ያዘው፤ እህታችንም ከዘራቸውን ዘርግተው ሳቡት። እሱ ወጣ። ግድግዳው ግን በእሳቸው ላይ ተደርምሶ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ያ ሰው ዛሬ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ሼህ ኡበይደላ ወደ ግንቡ ወጥተው፣ ከፍርስራሹ አጠገብ ገና ያልደረቀ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር አይተው ተመልሰዋል። የቀረው የማማው ግማሽ ወደ መንደሩ አዘንብሏልና ከቀብር ስትመለሱ በታችኛው መንገድ እንድትወርዱ እንለምናለን።

ወይዘሮ አማከለች ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ያስተማሯቸውን ብዙዎች ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ እዚያ ላይ አሁንም ለሚቆፍሩትም፣ የሚጠራቸው ሰው ሳይኖር የሚወጡበትን ልቡና ይስጣቸው። አሜን።