ለአቶ መኳንንት ያልተነገረው መርዶ

ይህን ዜና ሕይወት የምታነብላችሁ ልጃቸው እናትነሽ፣ የአባቷን ልደት ከመናገሯ በፊት ጥፋቷን ማስቀደም ግድ ሆኖባታል፤ የልብ ወዳጃቸውን ሞት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰባት ሳምንት ሙሉ ደብቃቸዋለች።

አቶ መኳንንት ይርጉ በ1946 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ከአቶ ይርጉና ከወይዘሮ ዘርትሁን በወልድያ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የአባታቸውን ሙያ ያዙ፤ በሱዳን በኩል ተሰድደው ሆላንድ ሲገቡም፣ ሮተርዳም ውስጥ በቋንቋ ትምህርት ቤት የልብ ወዳጃቸው ከሆኑት ከአቶ ፋንታዬ ጋር አንድ ዴስክ ተጋሩ።

ከሁለት ከሦስት ቃል ተጋጥመው የሚሠሩት የሆላንድኛ ረጃጅም ቃላት ቢያስጨንቋቸው፣ አቶ መኳንንት «ቃልም እንደ ልብስ በስፌቱ ላይ ይተረተራል» አሉ። ራት ማለት የሆነው «አቮንትኤተን» የሚከፈለው ምሽት የሚለው «አቮንት» መብላት ከሚለው «ኤተን» ጋር በተሰፋበት ላይ ሲሆን፣ የድምፁ ጫና አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው ቃል ላይ ያርፋል። ወዳጆቹ ይህን ለአዲስ መጤ ስደተኞች በደብተር ይጽፉ ጀመር።

እዚያው ወይዘሮ ዕፀ ሕይወትን አግብተው እናትነሽን ወለዱ፤ ባለቤታቸው ሲያርፉም በ2002 ዓ.ም. እዚህ አሜሪካ፣ ካሮልተን ወደ ልጃቸው መጥተው ሱፍ እያስተካከሉ ኖሩ። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአቶ ፋንታዬ እየደወሉ፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ይሟገቱ ነበር። በመጨረሻ የተሟገቱት ማዘጋጃ ቤት ስለሚባለው «ስታትሆይስ» ነው። አቶ ፋንታዬ «ጫናው ከኋላ ነው» ቢሏቸው፣ «ባክህ፣ መቀስህ ደንዟል!» ብለው ስቀውባቸዋል።

በዚያው ሳምንት አቶ ፋንታዬ አረፉ። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ማልደው ሊያረዷቸው ቢመጡ፣ እናትነሽ የታመመው የአባቷ ልብ ይቆማል ብላ ፈርታ ከበር መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትርበተበት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ሰው «እግዜር ያጥናዎ» እንዳይላቸው ከጎናቸው አትለይም ነበር። አባቷ ለወዳጃቸው ሲደውሉ መልስ ቢያጡ፣ «ስልካቸው ተበላሽቶ ነው» አለቻቸው።

በመጨረሻዋ እሑድ፣ «እናትዬ፣ መቀስህ ደንዟል ስላልኩት ተቀይሞኝ ይሆን?» ብለው ጠየቋት። አፏ ላይ የደረሰውን እውነት ዋጠችው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፉ፤ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ «ስታትሆይስ» የሚለው ቃል የጫና ምልክት ሳይደረግበት፣ አጠገቡ «ፋንታዬ ይወስን» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ።

አቶ መኳንንት አንዲት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች፣ ዜማንና ኖላዊን፣ ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ልጃቸው ግን ዛሬም ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ወዳጃቸውን እዚያ አግኝተው የደበቀቻቸውን ሁሉ ሰምተው ይሆናልና።

አባቴን ይቅርታ መጠየቂያው ጊዜ አምልጦኛል። እናንተ ይቅር በሉኝ።