ደስ ይበለው ተብሎ የተደበቀው

ሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ የጎረቤታችንን የጸጉር አስተካካዩን ባለቤት ድንገት አገኘኋቸው። ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው ልጃቸው ጋር ቆመው ይከራከራሉ። ገና ጤና ይስጥልኝ ከማለቴ እትዬ ነገሩን ወደ እኔ አዞሩት።

«መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። በባለቤቴ ሆድ ውስጥ እጢ ተገኘ። እኔ ጨጓራ ነው ብዬዋለሁ። ይኸው እየሳቀ ይሠራል። እሷ ግን ካልተነገረው ብላ ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች!»

«እማዬ፣ ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይሁን ብሏል። ሳያውቅ እንዴት ይፈቅዳል?»

«ደስታውን ልቀማው? ሰው ከደስታው ሌላ ምን አለው ልጄ?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ አባዬ በስውር ሌላ ሴት ወዶ ቢሆንስ? እስካላወቅሽ፣ ደስ ብሎሽ እስከኖርሽ ድረስ፣ ምንም አልቀረብሽም?» አለቻቸው።

«አፍሽን ያዢ! ባላውቅስ? የሰው መሳቂያ መሆኔ አይደል!»

«አየሽ? ከደስታሽ በላይ እውነቱን ትፈልጊያለሽ። አባዬስ?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደስታን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ሳቅ የሌለበት ቤት ይከብዳል። ነገር ግን ሰው በገዛ ሕይወቱ ባይተዋር ተደርጎ የሚሰጠው ደስታ፣ ሕፃን ዝም እንዲል የሚሰጠው ከረሜላ ነው። ይህንኑ ስነግራቸው እትዬ «እሺ፣ እኔው እነግረዋለሁ» አሉ፤ አብሬያቸው ወደ ጸጉር ቤቱ ሄድኩ።

ሰውየው መቀሳቸውን ያጸዳሉ። ሚስታቸው በሩን ዘግተው አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ቆየት ብለው ግን፣ «ሰሞኑን ዓይን ዓይኔን ማየት የተውሽው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ጠላችኝ ብዬ ነበር!» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «መቼ ይምጣ አለ ሐኪሙ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት የተኳረፉትን ወንድማቸውን አስጠርተው ታረቁ። ኦፕራሲዮኑም በደህና አለቀ፤ እጢው ክፉ የሚባለው ዓይነት አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ እፎይ አለ።

ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «መምህር፣ ባይድንም ኖሮ መንገሬ አይቆጨኝም ነበር» አሉኝ። «አልፈራም አልልም፤ ግን አብረን ፈራን። ከወንድሙ ታረቀ፣ ልጁን መረቀ፣ ሕክምናውን ራሱ ወሰነ። በውሸቴ እየሳቀ ቢኖር ይህን ሁሉ እሰርቀው ነበር። ደስታ ብቻውን ቤት አይሞላም ለካ!»

«ተፈላሰፈች ደግሞ!» አሉ ባልየው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «እባካችሁ አታስቁኝ፤ ስፌቴን ያመኛል።»