ለፀሐይ የተያዘው ራጅ

«ፈቲዬ፣ ነይ እስቲ ወደ ጥላው ጠጋ በዪ። የዘንድሮ ዝናብ ግን ጉድ ነው አይደል? መስቀል ደርሶ እንኳን ጭቃው አልለቀቀንም። ትንሿ እንዴት ሆነች፣ ጥርስ አወጣች? … እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ በያ!»

መንበረ ይህን የምትለው ቡታጅራ ካለው ቤቷ ጓሮ ተቀምጣ ለመስቀል የሚሆነውን ቆጮ እየከተፈች ነው። ጥቂት ትከትፍና ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። እንዲህ እያረፈች እንድትሠራ ያዘዛት ሐኪም ነው። ሕመሟ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ ሳይል ሰውነትን ሁሉ የሚያም፣ በደም ምርመራም ሆነ በራጅ የማይታይ፣ ተጠንቅቀው አብረውት የሚኖሩት ሕመም ነው። ጎረቤቷ ፈቲሀ ይህን ታውቃለች። ለመስቀል ቀደም ብላ ከአዲስ አበባ የመጣችው የባሏ እህት ሰርካለም ግን አላመነችም። አለማመኗ ባልከፋ፤ ትናንት ማታ ለወንድሟ «ሚስትህን የሚያማት ሥራ ሲመጣ ነው» አለችው።

ዛሬ ጠዋት ባሏ ኃይሌ፣ እንዴት አደርሽ በማለት ፈንታ «ለመስቀል እንኳን ትንሽ ብትበረቺ» ብሏት ወጣ። ይህ ቃል መንበረን ከአንገቷ የባሰ አመማት። ለኃይሌ እንዳትናገር እህቱን ማማት ይሆንባታል፤ ለሰርካለም እንዳትናገር ታላቅ ናት። ስም ሳይጠሩ ማመስገንን ግን ማን ይከለክላል? ኃይሌ እዚያው ግቢ ውስጥ ባጃጁ ሥር ተጋድሞ ብሎን ይፈታል። ሰርካለም በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወጥ ቤት ውስጥ ቅቤ ታነጥራለች። መንበረ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«እኔማ ዕድለኛ ነኝ ፈቲዬ። ሰው ሐኪም ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ ይንከራተታል፤ ለእኔ ሐኪሟ ራሷ ቤቴ ድረስ መጣችልኝ። ያ ምስኪን ዶክተር ስንቴ አመላለሰኝ! ደም ቀዳ፣ እዚህም እዚያም ተጫነኝ፣ በመጨረሻ ነርቭሽ ድምፁ ከፍ እንዳለ ሬዲዮ ሆኗል አለኝ። ስንት ዓመት ተምሮ! … የእኔዋ ሐኪም ራጄን ከቁም ሳጥን አወጣችና ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ጋ ቆማ ለፀሐይ ያዘችው። አንቺም አይተሽ የለ? ግቢው ሁሉ እኮ አይቷል። በእርግጥ ገልብጣ ነው የያዘችው … ቢሆንም ምንም እንደሌለብኝ ወዲያው ገባት። እንዲህ ያለ ዓይን ለሁሉ ሰው ይሰጣል?»

ጥቂት ከተፈች፤ አሁንም አስቀመጠች። ትከሻዋ እንደ እሳት ይለበልባታል፤ ሳቋ ግን ከፊቷ አልጠፋም።

«ደግሞ አሳቢነቷ! ጠዋት ጠዋት ስራመድ ታየኝና ‹ለመራመድ ጤነኛ ናት› ትላለች። እውነቷን እኮ ነው። ዶክተሩ መራመድ መድኃኒትሽ ነው ሲለኝ፣ መድኃኒቴን ሰው ሳያየኝ መውሰድ ነበረብኝ። በጎረቤታችን በአሚኔ ልጅ ሰርግ ስጨፍርም አይታኛለች። መቼም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ማግስቱን ክንዴን ማንሳት አቅቶኝ ፀጉሬን አንቺ ስታበጥሪኝ ግን … አላየችም። ከየት ታያለች? ስልክ ላይ ነበረቻ! ለዘመድ ሁሉ ስለ ጭፈራዬ ስትነግርልኝ። ማን እንዲህ ስምሽን ያነሳልሻል ፈቲዬ?»

ከባጃጁ ሥር ይሰማ የነበረው የመፍቻ ድምፅ ቆመ። ነገሩ የተወረወረው ለሰርካለም ቢመስልም፣ መንበረ የፈራችውም የጓጓችለትም የኃይሌን መስማት ነበር።

«ባሌስ ብትዪ … ምን ይወጣለታል? ጠዋት ጠዋት ‹እንዴት አደርሽ፣ ዛሬ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?› ይለኛል። ማለቴ፣ ይለኝ ነበር። ዛሬ ረሳው። አይፈረድበትም። ስንት ዓመት አጠገቡ ስገላበጥ አድሬ ያላስረዳሁትን፣ ያቺ ሐኪሜ በአንዲት ማታ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። መቼም አስተማሪ ብትሆን ኖሮ የሚወድቅ ተማሪ አይኖርም ነበር።»

ኃይሌ ከባጃጁ ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠራረገ መጥቶ ቆመና፣ ውሃው ውስጥ ያለውን የሚስቱን እጅ አየ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ለመዘርጋት ስትታገል ዛሬ ልብ ብሎ ያየ ይመስላል። ሰርካለምም ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። መንበረ ወደ ሁለቱም አልዞረችም። ፈቲሀን እያየች፣ ማር በሚመስል ድምፅ ቀጠለች።

«እሷን ያላመሰገንኩ ማንን ላመስግን? ዕድሜዋን ያርዝምልኝ። ጎንበስ ቀና እንዳለች፣ እንደ ልቧ ወጥታ እንደገባች ትኑርልኝ። ሕመም ደጇን አይርገጥ። እና እንዳው፣ አይበለውና … አንድ ቀን አመመኝ ብላ የሚያምናት ሰው ብታጣ፣ ፈጣሪ ልቧም ዓይኗም ቁርጥ እሷን የመሰለች ደግ ሴት ከራስጌዋ አያሳጣት! ምነው ፈቲዬ፣ አሜን በዪ እንጂ!»